ምዕራፍ ሰባት፦ የሰኔ ቀን ስንት ሰዓት ነው?

በምዕራብ ደቡብ ወሎ፣ በቦረና ምድር፣ ጋስጫ የሚባል ገዳም አለ። ዋናው የአካባቢው ከተማ መካነ ሰላም ነው። በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ15ኛው መጀመሪያ የኖሩት አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ መጠሪያቸውን ያገኙት ከዚህ ቦታ ነው። ገድላቸው እንደሚተርከው በሐይቅ እስጢፋኖስ ሲማሩ ትምህርት አልገባ ብሏቸው እህል እየፈጩ፣ እያለቀሱ ይጸልዩ ነበር። በኋላ ግን ቤተ ክርስቲያን እስከ ዛሬ የምትቆምበትን መጽሐፈ ሰዓታት ደረሱ።

ሰዓታት ለመቆም ሰዓቱን ማወቅ የግድ ነው። የእጅ ሰዓት ባልነበረበት ዘመን ካህኑ ሌሊቱን ከከዋክብት፣ ቀኑን ከጥላ ያነብ ነበር። ፀሐይ ላይ ይቆማል፣ የጥላውን ጫፍ ምልክት ያደርጋል፣ ከዚያ በገዛ እግሩ ጫማ በጫማ ይለካል። በየወሩና በየሰዓቱ ጥላው ስንት ጫማ እንደሚሆን የሚዘረዝሩ ሠንጠረዦች በብራና መጻሕፍቶቻችን ውስጥ አሉ። በዚህ ምድር ጸሎትና የሰማይ ጥናት በአንድ ግቢ ያደጉ ወንድማማቾች ናቸው።

ይህ ምዕራፍ የእነዚያን ሰዎች ነገር ይመለከታል። ዩኒቨርሲቲ አልገቡም፤ መነጽረ ሩቅ አልነበራቸውም፤ ደመወዝ የሚከፍላቸውም የለም። ሰማይን የሚመረምሩት በፍቅርና በሃይማኖት ነው። የዘመንና የበዓላት ስሌት የሚማርባቸው የባሕረ ሐሳብና የአቡሻኽር መምህራን ዛሬም አሉ። የሚያምኑበት መጽሐፍና የዘመኑ ሥነ ፈለክ ሲጋጩ ምን ማድረግ አለባቸው? በአንድ ቀላል ጥያቄ ልጀምር፤ የሰኔ ቀን ስንት ሰዓት ነው?

ሦስት መልስ፣ አንዲት ፀሐይ

በየዕለቱ የሚነበበው የቅዱሳን ታሪክ መጽሐፍ፣ ስንክሳር፣ በየወሩ መግቢያ የቀኑን ርዝመት ይነግረናል። መስከረም ላይ ቀኑ 12 ሰዓት ነው፤ ታኅሣሥ ላይ ወደ 9 ሰዓት ይወርዳል፤ ሰኔ ላይ 15 ሰዓት ይሞላል። መጽሐፈ ሄኖክ ደግሞ ሌላ ስፍር አለው። ቀንና ሌሊቱን አንድ ላይ በ18 ክፍል ይከፍልና ቀኑ እጅግ በረዘመ ጊዜ 12 ክፍል ለቀን፣ 6 ክፍል ለሌሊት ይሰጣል። ወደ ሰዓት ሲመነዘር 16 ሰዓት ቀን፣ 8 ሰዓት ሌሊት ማለት ነው።

መካነ ሰላም ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10 ዲግሪ ከ45 ደቂቃ ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ቦታ የዓመቱ ረጅሙ ቀን፣ ከፀሐይ መውጫ እስከ መግቢያ፣ 12 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ገደማ ነው። አጭሩ ቀን 11 ሰዓት ተኩል ያህል ነው። ልዩነቱ አንድ ሰዓት ከሩብ አካባቢ ነው። ይህን ለማረጋገጥ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ከብት የሚያግድ ልጅ ያውቀዋል። በሰኔና በታኅሣሥ ወደ ቤቱ የሚመለስበት ሰዓት ያን ያህል አይለያይም።

ታዲያ 15ና 16 ሰዓት ከየት መጡ? 15 ሰዓት የሚረዝም ቀን የሚገኘው ከምድር ወገብ 41 ዲግሪ ያህል ርቆ፣ በሮምና በቁስጥንጥንያ አካባቢ ነው። 16 ሰዓት የሚሞላው ደግሞ 49 ዲግሪ ላይ፣ በፓሪስ አቅራቢያ ነው። ቀን የሌሊት እጥፍ የሚሆንበት ስፍር በጥንታዊቷ ባቢሎን የሸክላ ጽላቶች ላይም ተጽፎ ተገኝቷል። በባቢሎን እንኳ ረጅሙ ቀን 14 ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ እንጂ 16 አይሞላም። ስፍሩ ለስሌት እንዲመች የተጠጋጋ ነበር። ቁጥሮቹ ከሩቅ አገር በመጽሐፍ ተሳፍረው መጡ እንጂ የቦረናን ፀሐይ አይተው የተጻፉ አይደሉም።

ሁለቱ መጻሕፍት እርስ በርሳቸው እንኳ እንደማይስማሙ ልብ ይበሉ። ሊቃውንቱ ሁለቱንም ገለበጡ፣ ሁለቱንም አከበሩ፤ ከበላያቸው ያለችው ፀሐይ ግን ሦስተኛውን መልስ በየቀኑ ትሰጥ ነበር።

የሄኖክ በሮች

መጽሐፈ ሄኖክን ያለ ኢትዮጵያ ዓለም በሙሉው አያውቀውም ነበር። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1773 የግዕዙን ቅጂዎች ይዞ አውሮፓ ገባ። በ1821 ሪቻርድ ሎረንስ ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻዎች የአረማይክ ቁርጥራጮቹ ሲገኙ፣ ስለ ብርሃናት የሚናገረው ክፍል ከክርስቶስ ልደት በፊት እንደተጻፈ ታወቀ። ሙሉው መጽሐፍ ተጠብቆ የኖረው ግን በግዕዝ ብቻ ነው።

በዚህ ክፍል መልአኩ ዑርኤል ለሄኖክ የፀሐይን መንገድ ያሳየዋል። በምሥራቅ ስድስት በሮች፣ በምዕራብም ስድስት በሮች አሉ። ፀሐይ በአንዱ በር ትወጣለች፣ ወር ሲሞላ ወደሚቀጥለው ትሻገራለች፣ ስድስቱን ጨርሳ ትመለሳለች። ይህን ያነበበ የዘመኑ ተማሪ ተረት ብሎ ሊያልፈው ይችላል። እኔ እንዲህ እላለሁ፦ ማለዳ ተነሥተህ በመካነ ሰላም ዳገት ላይ ቁም፤ ፀሐይ የምትወጣበትን ቦታ ከአንድ ተራራ ወይም ከአንድ ዛፍ አንጻር ምልክት አድርግ። ታኅሣሥ ላይ ከትክክለኛው ምሥራቅ ወደ ደቡብ 24 ዲግሪ ያህል ሸሽታ ታገኛታለህ፤ ሰኔ ላይ ያንኑ ያህል ወደ ሰሜን። የሄኖክ በሮች ይህን እንቅስቃሴ በስድስት የከፈሉ ናቸው። በሮቹን የጻፈው ሰው ሰማይን በዓይኑ አይቷል። ምልከታው እውነት ነው። የተሳሳተው በምልከታው ላይ የተደረበው ስሌት ነው።

የዓመቱም ርዝመት እንዲሁ። በሄኖክ ዓመቱ 364 ቀን ነው። ይህ ቁጥር ውበት አለው፤ ለ7 ሲካፈል 52 ሳምንት ይሰጣል፣ ትርፍም የለውም። በዚህ አቆጣጠር በዓል ሁሉ በየዓመቱ በዚያው ዕለት ይውላል። እውነተኛው ዓመት ግን ከዚህ በአንድ ቀን ከሩብ ገደማ ይበልጣል። በ364 ብንቆጥር በ24 ዓመት አንድ ወር እናጣለን። በ100 ዓመት ደግሞ እንቁጣጣሽ ወደ ኋላ ተንሸራትታ ዛሬ ግንቦት መጀመሪያ በምንለው ጊዜ ትውላለች። አደይ አበባ ግን በግንቦት አትፈነዳም።

አባቶቻችን ምን አደረጉ? ቤተ ክርስቲያናችን ሄኖክን ከ81 ቅዱሳት መጻሕፍት ጋር ቆጠረች፤ ሊቃውንቱ ተረጎሙት፣ አከበሩት። በዓላትን ግን በ364 ቀን አላወጡም። የያዙት የእስክንድርያን አቆጣጠር፣ 365 ቀን ከሩብ ነው። በየአራት ዓመቱ ጳጉሜን 6 የምትሆነው ለዚህ ነው። መጽሐፉን አልጣሉም፤ መስከረምን ከአደይ አበባ ለመለየትም ፈቃደኛ አልሆኑም። የዚህ ምዕራፍ ሐሳብ ሁሉ ያረፈው በዚህ ውሳኔ ላይ ነው።

ኬክሮስና ካልዒት

ትውፊቱ የባሕረ ሐሳብን አጀማመር ለድሜጥሮስ ይሰጠዋል። ድሜጥሮስ ወይን ተክሎ የሚኖር፣ ያልተማረ ገበሬ ነበር፤ የእስክንድርያ 12ኛ ሊቀ ጳጳሳት ሆነና ስሌቱ በጸሎት ተገለጠለት ይላል። ታሪኩን እንዴትም ብንረዳው አንድ ነገር ያስተምረናል፤ የቤተ ክርስቲያን ትውፊት ለሰማይ ስሌት የመረጠው ሰው የቤተ መንግሥት ፈላስፋ አልነበረም።

ስሌቱን በ2017 ዓ.ም. እንሞክረው። 5500 ዓመተ ፍዳ ሲደመር ዓመተ ዓለሙ 7517 ይሆናል። ለ19 ሲካፈል 12 ይተርፋል፤ ይህ መደብ ነው። አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 11 ይሆናል። 11 በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ የጨረቃን ዕድሜ የሚያሳየው አበቅቴ 1፤ 11 በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ የበዓላት ቀን የሚወጣበት መጥቅዕ 29። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30። በጣት የሚሠራ፣ ወረቀት የማይጠይቅ ሒሳብ ነው።

ከዚህ የበለጠ የሚያስደንቀው የቀን አከፋፈሉ ነው። አንድ ዕለት 60 ኬክሮስ፣ አንድ ኬክሮስ 60 ካልዒት ነው። ኬክሮስ 24 ደቂቃ፣ ካልዒት 24 ሰከንድ ይሆናል። በዚህ ስፍር የጨረቃ ወር 29 ዕለት ከ31 ኬክሮስ ከ50 ካልዒት ነው። የዘመናችን ሥነ ፈለክ የሚሰጠው አማካይ ወር 29.530588 ቀን ነው። ይህን ወደ ኬክሮስ መንዝሩት፦ 29 ዕለት፣ 31 ኬክሮስ፣ 50 ካልዒት። ከባቢሎን ተነሥቶ በግሪክ፣ በዐረብና በግብፅ ሊቃውንት አልፎ ግዕዝ የደረሰው ይህ ቁጥር ከዘመኑ መለኪያ ጋር በሰከንዶች ብቻ ነው የሚለያየው።

ፀሐይ ላይ ግን ስሌቱ ይዛነፋል። ትውፊቱ ለዓመቱ 365 ዕለት ከ15 ኬክሮስ ይሰጣል። 6 ካልዒት የሚጨምሩም አሉ፤ በ600 ዓመት ጳጉሜን 7 ትሆናለች የሚባለው ከዚህ ነው። የወቅቶች ዓመት እውነተኛ ርዝመት 365 ዕለት ከ14 ኬክሮስ ከ32 ካልዒት ገደማ ነው። ስለዚህ ትርፉ 28 ካልዒት፣ ማለትም 11 ደቂቃ ያህል ነው፤ 6 ካልዒት መጨመሩ ስሕተቱን ያሰፋዋል እንጂ አያጠበውም። 28 ካልዒት ትንሽ ይመስላል፤ በ128 ዓመት ግን አንድ ቀን ይሆናል። ከኒቅያ ጉባኤ፣ እ.ኤ.አ. ከ325 ወዲህ 13 ቀን ተከማችቷል። የወቅቶቻችንን ወሰን በ25 እና በ26 ቀን እናደርጋለን፤ ቀንና ሌሊት እኩል የሚሆኑት ግን ዛሬ መጋቢት 25 ሳይሆን መጋቢት 11 ገደማ ነው፤ ፀሐይ ወደ ሰሜን ሄዳ የምትመለሰውም ሰኔ 25 ሳይሆን ሰኔ 14 አካባቢ ነው።

መደብና ወንበር የሚወጡበት የ19 ዓመቱ የጨረቃ ዑደትም በ300 ዓመት ገደማ አንድ ቀን ይስታል። ቦረና ይህን ለመፈተን ምቹ ቦታ ነው፤ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ቀዬ፣ በአንድ ገበያ፣ ብዙ ጊዜም በአንድ ቤተ ዘመድ ይኖራሉና። አንዱ ጨረቃን በስሌት ይቆጥራል፤ ሌላው ማታ ወጥቶ ያያታል። በ2017 መጥቅዕ 29 ስለነበር የፋሲካ ጨረቃ በስሌት የምትሞላው ሚያዝያ 9 ነበር። ዒድ አልፈጥር የተከበረው ግን መጋቢት 21 ነው፤ ከዚያ ሲቆጠር 14ኛው ቀን ሚያዝያ 4 ይሆናል። ሰማይ ላይ ጨረቃ ሙሉ የሆነችው ሚያዝያ 4 ለ5 አጥቢያ ነው። የአራት ቀን ልዩነት ማለት ነው። የባሕረ ሐሳቡ መምህር ይህን ለማወቅ ከጎረቤቱ ከሼሁ ጋር በረንዳ ላይ ቆሞ ቀና ማለት ይበቃዋል።

ይህ የቤተ ክርስቲያንን በዓል የሚያፈርስ አይደለም። ፋሲካ የኅብረት ቀን ናት፤ አማኞች በአንድነት ለመጾምና ለመፈሰክ የተስማሙባት። ቀኑን የመወሰን ሥልጣን የቤተ ክርስቲያን ነው። ጨረቃ መቼ ሙሉ ነች የሚለው ጥያቄ ግን በጉባኤ አይወሰንም።

አንድ ሜትር እንጨት

አሁን አንባቢው ራሱ እንዲለካ ልጋብዝ። አንድ ሜትር ቀጥ ያለ እንጨት በደልዳላ መሬት ላይ ትከሉ። የዕለቱ አጭር ጥላ የሚወድቅበትን ቅጽበት ጠብቁ። በመካነ ሰላም ታኅሣሥ 12 አካባቢ ጥላው ወደ ሰሜን 68 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። መጋቢት 11 ገደማ ወደ 19 ይወርዳል። ሚያዝያ 10 አካባቢ ፀሐይ አናት ላይ ትቆማለች፤ እንጨቱ ጥላ አልባ ይሆናል። ከዚያ ጥላው ዞሮ ወደ ደቡብ ይወድቃል፤ ሰኔ 14 ደመናው ከገለጠላችሁ 22 ወይም 23 ሳንቲ ሜትር ታገኛላችሁ። ነሐሴ 19 ገደማ እንደገና ጥላ ይጠፋል።

አዲስ አበባ ያለ ወዳጅ በዚያው በታኅሣሡ ቀን ቢለካ የሚያገኘው 64 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ፀሐይ፣ የአራት ሳንቲ ሜትር ልዩነት። የእስክንድርያው ኤራቶስቴንስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው ክፍለ ዘመን የምድርን ዙሪያ ያሰላው በዚህ ዓይነት የጥላ ልዩነት ነው። ምድር ጠፍጣፋ ናት የሚል የመጽሐፍ ንባብ ያለው ሰው ጨረቃ በምትጋረድበት ሌሊት ይመልከት፤ በጨረቃ ፊት ላይ የሚወድቀው የምድር ጥላ ሁልጊዜ ክብ ነው።

ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. እሑድ ማለዳ ጨረቃ ፀሐይን ጋርዳ በላሊበላ ሰማይ ላይ የብርሃን ቀለበት ታየ። ሰዓቱና መንገዱ ከብዙ ዓመት በፊት ተሰልቶ ይታወቅ ነበር፤ ሰማዩም ስሌቱን ጠብቆ ተገኘ። ሳይንስን የሚያስከብረው ይህ ነው፤ ሊከሽፍ በሚችልበት ቀንና ሰዓት ራሱን ለፈተና ያቀርባል።

የዓባይ ሸለቆ ጥያቄ

የቀን ርዝመት ጉዳይ በቀላሉ ይፈታል። ከባዱ ግጭት የዓለም ዕድሜ ነው። በዓመተ ዓለም ቆጠራ 2017 ማለት 7517 ነው። ከመካነ ሰላም ወደ ጎጃም የሚወስደው መንገድ ግን ወደ ዓባይ ሸለቆ ቁልቁል ይወርዳል፤ ሸለቆውም የራሱ አቆጣጠር አለው። ከላይ ያለው ጥቁር ድንጋይ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር የፈሰሰ እሳተ ገሞራ ነው፤ የወሎ ደጋ የተሠራው ከእርሱ ነው። በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል እንደሚታየው ከጥቁሩ ድንጋይ በታች የአሸዋ ድንጋይ፣ የኖራ ድንጋይና ጂፕሰም ተነባብረዋል። በኖራ ድንጋዩ ውስጥ የባሕር እንስሳት ቅሪት አለ። ደጋው ከመነሣቱ እጅግ ቀድሞ እዚህ ባሕር ነበር።

እንግሊዛዊው ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ ተመሳሳይ ፈተና ገጥሞት ነበር። ጎስ ራሱን በራሱ ያስተማረ የባሕር ፍጥረታት ተመራማሪ፣ ጽኑ ፕሮቴስታንት ክርስቲያን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1857 ‹ኦምፋሎስ› የተባለ መጽሐፍ አሳተመ። ቃሉ በግሪክኛ እምብርት ማለት ነው። አዳም ከእናት ባይወለድም እምብርት ነበረው፤ እንዲሁም እግዚአብሔር ዓለምን ሲፈጥር ያልነበረ ዕድሜ እንዳላት አድርጎ፣ ቅሪቱን ከነድንጋዩ ፈጠራት አለ። ሳይንቲስቶች አልተቀበሉትም፤ አማኞችም ተከፉ፤ ፈጣሪን በድንጋይ ላይ ሐሰት የጻፈ ያስመስለዋልና። የሐሳቡ ድካም ሃይማኖታዊ መሆኑ አልነበረም። ምንም ዓይነት ድንጋይ ቢገኝ ሊያስተባብለው አይችልም፤ ሊፈተን የማይችል ሐሳብ ደግሞ ስለ ድንጋዩ አንዳች አያስተምረንም። ያው ጎስ ስለ ባሕር እንስሳት የጻፈው በዓይኑ አይቶ ስለነበር ተከብሮለታል።

ሌላው ምሳሌ ቤልጅጋዊው ቄስ ዦርዥ ለሜትር ነው። እ.ኤ.አ. በ1927 ጠፈር እየሰፋ እንደሚሄድ በስሌት አሳየ፤ ዛሬ ታላቁ ፍንዳታ የምንለው ሐሳብ አባት እርሱ ነው። በ1951 የሮማው ጳጳስ ፒዮስ 12ኛ ይህን ሐሳብ ለፍጥረት ማስረጃ አድርገው ሲናገሩ ለሜትር አልተደሰተም። ስሌቱ በስሌትነቱ እንዲፈተን፣ እምነቱም በሳይንስ ግኝት ላይ እንዳይንጠለጠል ፈለገ። እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ቄስ ነበር፤ እስከ ዕድሜው ፍጻሜም ሳይንቲስት።

ለመምህራንና ለተማሪዎች

የባሕረ ሐሳብ መምህር ከጎስ መንገድ ይልቅ የለሜትርን መንገድ ቢመርጥ ከባዕድ የተበደረ አይሆንም። ሄኖክን እያከበሩ በ365 ቀን ከሩብ የቆጠሩት የገዛ አባቶቹ ናቸው። በእነርሱ እጅ መጽሐፉ ቅዱስ ሆኖ ቀረ፤ ሰማይም የራሷን ቁጥር ተናገረች።

በመካነ ሰላምና በዙሪያዋ የምታስተምሩ የፊዚክስ መምህራን፣ ተማሪዎቻችሁን ኬክሮስና ካልዒት አስተምሯቸው፤ የጨረቃን ወር በአያቶቻቸው ስፍር ያስሉት። የአቡሻኽር መምህራን፣ እናንተም ደቀ መዛሙርታችሁን ለአንድ ዓመት እንጨት አስተክሏቸው፤ ጥላውን በየወሩ ይለኩ፣ ከብራናው ሠንጠረዥ ጋር ያስተያዩ፣ ልዩነቱን ሳይደብቁ በኅዳጉ ይጻፉ። በኅዳግ ላይ የሚጻፍ እርማት መጽሐፍን አያረክስም፤ የሊቃውንቱ ልማድ ነው።

የሰኔ ቀን በቦረና 12 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ገደማ ነው። አባ ጊዮርጊስ ሰዓታቸውን የቆሙትም በዚህችው ቀን ርዝመት ነው።